የአምስት ዓመት ስም

ካርዱ የመጣው ማክሰኞ ነው፣ ከመብራት ሂሳብ ጋር ተጣብቆ፣
ጠርዙን በረዶ አርሶት፣ ቀለሙ በከፊል ለቆ።
«ያስመዘገቡት የንግድ ስም» ይላል፣ «ዘመኑ ሊያበቃ ነው፤
እስከ መጋቢት አሥር ካላደሱት…» የቀረውን ተውኩት፣ ሰው ነው
የበሩን ደወል የመታው፤ ከሥጋ ፋብሪካው የወጣ፣
የሌሊቱን ፈረቃ በዓይኑ ተሸክሞ የመጣ፣
የካፖርቱ ዚፕ ተፈንቅሎ።
«ትርሲት» አለኝ፣ «ለነገ ይደርሳል?» ትከሻው በረዶ አዝሎ።
«ይደርሳል» አልኩት።
ትርሲት አይደለሁም እኔ።

ሁለት ነበርን ስንጀምር፣ ሱ ፎልስ፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣
መኪናችን የዱቤ፣ ጣሪያችን ዝናብ የሚያስገባ።
ስም ስንመርጥ መሸብን፣ እኔ «ያንቺ»፣ እሷም «ያንቺ»።
በመጨረሻ የፈረደው የመዝገብ ቤቱ ሰው ነው፤
ስሜን ሊጠራ ጀምሮ፣ ደብሩን ወጥቶ ወጥቶ
ወርቁ ጋ ሳይደርስ ደከመው።
ደብረወርቅ ነኝ። የፈረንጅ ምላስ የማይዘልቀው ዳገት።
የእሷ በአንድ ትንፋሽ አለቀ፤ ትርሲት። ለስፌት ቤት፣ ጌጥ ማለት።

ትልልቆቹ «ስም ከመቃብር በላይ ነው» ይሉ ነበር።
እዚህ ዕድሜው አምስት ዓመት ነው፤ ሌላ አምስት በአሥር ዶላር።

ሲያትል ከሄደች ሦስት ክረምት አለፈ።
የተጣላነው በሙሽራ ቀሚስ ነው፣ ጫፉ ሁለት ጣት በጎደለ።
እኔ ለካሁ፣ እሷ ቆረጠች።
መቀሷን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ በሩን ሳትዘጋው ወጣች።
ስሟን ግን መስታወቱ ላይ ረሳች።
ከዚያ ወዲህ በእሷ ስም ክር ተረከብኩ፣
በእሷ ስም ተመሰገንኩ፣
በእሷ ስም ተሰደብኩ።

ማታ ካርዱን ከመርፌ ትራሱ ሥር አወጣሁት።
ይለቅ! አልኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን «ደብረወርቅ ስፌት»
ብዬ ልጻፍ፤ ዳገት የሚፈራ ይቅርበት።
ምላጭም አነሳሁ፣ የመጀመሪያዋን ፊደል ጫፏን ነካሁ።
ግን የተለቀቀ ስም የወደቀ ሳንቲም ነው፣ ያየው ያነሳዋል፤
ነገ የማላውቀው ሰው «ትርሲት» ብሎ የውሻ ካፖርት ይሸጥበታል።
ለምን እንደሆነ እንጃ፣
ስለ እሷ ንድድ አልኩ።

ደወልኩ። ጣቴ ቁጥሩን አልረሳውም።
«አቤት?»
«ስምሽ ሊያልቅ ነው» አልኳት።
ዝም። ከዚያ፣ «ማን ሞተ?»
«ማንም አልሞተም። ካርድ መጥቶ ነው። አሥር ዶላር።»
ሳቀች መሰለኝ፣ ወይ ሳለች፤ ከኋላዋ መኪና ይሰፋል፣
የፔዳሉን አረጋገጥ አውቀዋለሁ፣ ስትናደድ ይፈጥናል።
«ያንን ቀሚስ አንቺ ነሽ የለካሽው።»
«አንቺ ነሽ የቆረጥሽው።»
መኪናው ቆመ።
«አዎ» አለች። «አድሺው በቃ።»
ጠዋት ስልኬ ላይ አምስት ዶላር ገብቶ አገኘሁ፤
ግማሹን። ከግርጌው አንድ ቃል የለም።

ቅጹ አጭር ነው። «የስሙ ባለቤት» የሚለው ጋ ስደርስ ቆየሁ፤
ከዚያ የራሴን፣ ከነአባቴ፣ ፊደል በፊደል አስገባሁ።
ኮምፒውተሩ አልደከመውም፤ ደብሩንም ወርቁንም ወሰደ።
ከላይ ያለው ግን ያው ነው፣
ትርሲት፤ ለሌላ አምስት ዓመት ታደሰ።

ሲመሽ ባለካፖርቱ መጣ።
«ትርሲት?»
«አቤት።»
ልበሰው አልኩት፣ ልየው።
ዚፑን ከታች ያዝኩለት፤ ጥርስ ከጥርስ እየገጠመ
እስከ አገጩ ወጣ፤
አንድ ቦታ ብቻ፣ ደረቱ ላይ፣ ትንሽ ቆመ።